ፎርጅድ ሸክላ የሚጋለጠው ባዶው ቀለበት ላይ ነው

«ኦሪጅናል፣ የ1970ዎቹ፣ ብርቅዬ» ይላል ማስታወቂያው። ከሥሩ ሁለት ፎቶ አለ፤ አንዱ የሽፋኑ፣ ሌላው መሃል ላይ ያለው ክብ ወረቀት። ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ የሚቀርቡ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ብዙውን ጊዜ የሚታዩት በእነዚህ ሁለት ፎቶዎች ነው፤ ሁለቱም ግን የሚያረጋግጡት ነገር የለም። ሽፋን ስካን ተደርጎ ይታተማል። ክቡን ወረቀትም ደህና ማተሚያ ቤት በግማሽ ቀን ያወጣዋል። ገንዘብ ከመላክ በፊት መጠየቅ ያለበት ሦስተኛ ፎቶ ነው፦ የመጨረሻው ዘፈን ካለቀ በኋላ መርፌው የሚሽከረከርበት፣ ዘፈን የሌለበት ጥቁር ቀለበት። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም በብረት የተመታ ቁጥር አለ፤ የማትሪክስ ቁጥር ይባላል። ሸክላው የት፣ መቼና ከምን እንደተሠራ የሚናገረው እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ መጨረሻ ላይ ከሚጠቀሰው የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያ ሸክላ ለፎርጅድ የተመቸበት ምክንያት አለው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ከ1948 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ ያንን ጥሶ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ጀመረ፤ የተቀዳውን ክር መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እየላከ ያሳትም ነበር። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ሸክላ (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ)ና አንድ ደርዘን ገደማ ኤልፒ (ሙሉ አልበም የሚይዘው ትልቁ) አወጣ። «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን ይዞ ቀጠለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሁሉንም ሲጠቀልል የሸክላው ዘመን አበቃ። ከ1969 እስከ 1978 የወጣው ሁሉ ቢደመር 500 የማይሞላ ባለ 45ና ወደ 30 የሚጠጋ ኤልፒ ነው። ከዚያ ውስጥ ደህና ሆኖ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ መርፌው እንዳይዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም እየተጫነበት ሌት ተቀን የተጫወተ ሸክላ ቦዩ (መርፌው የሚሄድበት ስርጉድ መስመር) ግራጫ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ፈላጊው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖችን ሰብስቦ ያዘጋጀው የኤትዮፒክስ ተከታታይ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲዲ መውጣቱ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም በ2005 በአንድ የአሜሪካ ፊልም ላይ መሰማቱ የፈረንጅ ሰብሳቢውን ሁሉ ቀሰቀሰው። የዋልያስ ባንድና የኃይሉ መርጊያ የ1977 ኤልፒ በመጀመሪያው የካይፋ ህትመት ሲገኝ በሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። ዕቃው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ፣ ገዢው ደግሞ ፊደሉን የማያነብ። ለአየር ባየር ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ሜዳ የለም።

ከመቀጠላችን በፊት ስሞቹን እንለይ፤ በአንድ ላይ «ኮፒ» እየተባሉ ይምታታሉ። ቡትሌግ በትክክለኛ ትርጉሙ ጨርሶ በይፋ ያልወጣ ቅጂ፣ ለምሳሌ መድረክ ላይ በድብቅ የተቀዳ ኮንሰርት፣ ታትሞ ሲሸጥ ነው። ያለ ፈቃድ የታተመ ዳግም ህትመት ደግሞ የድሮውን አልበም የራሱን ሽፋን አልብሶ፣ ኦሪጅናል ነኝ ሳይል የሚሸጥ ነው። ሦስተኛው ፎርጅድ ነው፤ የአሳታሚውን አርማ፣ ቁጥሩን፣ ሽፋኑን አስመስሎ ራሱን በኦሪጅናሉ ዋጋ የሚያቀርብ። ኪስ የሚያወልቀው ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ገዢው ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ዘፋኙና ደራሲው ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው። የአሉሚኒየም ዝርግ በናይትሮሴሉሎስ ላከር ይቀባና መቁረጫ ማሽን ላይ ይጫናል፤ የጋለ የሳፋየር ጫፍ ድምፁን እንደ ጥምዝ ቦይ ይቆርጥበታል። ቆራጩ ባለሙያ ባዶው ቀለበት ላይ ቁጥሩን፣ አንዳንዴም የራሱን ፊርማ የሚጭረው ያኔ ነው። ላከሩ በብር ይረጫል፣ በኒኬል ይለበጣል። ኒኬሉ ሲላጥ ቦዩ ወደ ውጭ የጎበጠበት ብረት ይገኛል፤ አባት ይሉታል። ከአባት እናት፣ ከእናት ስታምፐር፣ ማለትም ሸክላውን የሚያትመው ብረት፣ ይወጣል። ለሁለቱ ገጾች ሁለት ስታምፐር፣ በመካከላቸው ትኩስ የፒቪሲ ድቡልቡል፣ ወደ 100 ቶን የሚጠጋ ግፊት፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ አንድ ሸክላ ይወጣል። አንድ ስታምፐር ከ1,000 እስከ 1,500 ከታተመበት በኋላ ድምፁ መሻከር ስለሚጀምር ይቀየራል። ክቡ ወረቀትም በሙጫ አይለጠፍም፤ አብሮ ገብቶ በሙቀቱና በግፊቱ ከፕላስቲኩ ጋር ይዋሃዳል። ጫፉ በጥፍር የሚነሳ ወረቀት ካያችሁ ሌላ ወረቀት ላዩ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው።

ፎርጅድ ሠሪው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ክሩ የለውም፣ ላከሩ የለውም፣ ብረቱ የለውም። ያለው አንድ የተጫወተ ሸክላ፣ ወይም ሲዲ፣ ሲከፋም ከኢንተርኔት የወረደ ኤምፒ3 ነው። ያንን ወደ ፋይል ቀድቶ ለአንዱ ፋብሪካ ይልካል፤ ፋብሪካው አዲስ ላከር ይቆርጣል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጋለጠው፦ ወደ አዲሱ ላከር የሚሻገረው ድምፅ ብቻ ነው። የድሮው ባለሙያ የእጅ ጽሑፍ አይሻገርም። አዲሱ ቀለበት ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ አዲሱ ፋብሪካም የራሱን ቁጥር ይጭርበታል። (ኦሪጅናሉን ሸክላ ራሱን በኒኬል ለብጦ ብረት ማውጣት ይቻላል፤ ያኔ የእጅ ጽሑፉም አብሮ ይገለበጣል። ግን ያ ንጹሕ ኦሪጅናል ይፈልጋል፣ እሱ ያለው ሰው ደግሞ ሸክላውን ራሱን ቢሸጥ ይሻለዋል።)

ስለዚህ ቀለበቱን በጎን ብርሃን አንብቡ። ሸክላውን መስኮት አጠገብ አዘንብሎ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል፤ ፍላሽ አይሆንም፣ ጭረቱን ያጠፋዋል። ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ በላቲን ፊደል «ዲ ኤም ኤም» የሚል ምልክት ካለ፣ ያ በላከር ፋንታ በቀጥታ መዳብ ላይ የመቁረጥ ዘዴ ነው። የጀርመኑ ቴልዴክ ያወጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ የ1973 ሸክላ ላይ ሊኖር አይችልም። ሁለተኛ፣ ከአምስት ወይም ስድስት አሃዝ ቁጥር ቀጥሎ የላቲኑ «ኢ»፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ እዝባርና የገጹ ፊደል ካለ፣ የቼኩ ጂዜድ ሚዲያ ነው። ቁጥሩ በላቲኑ «ዩ»ና በሰረዝ ተጀምሮ «ኤም» ካለበት የናሽቪሉ ዩናይትድ ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ጥፋት የለባቸውም፤ ሕጋዊ ዳግም ህትመቶችም እዚያው ይታተማሉ። ግን አምሃ በ1970 ካሳተማቸው ሸክላዎች አንዱም ከዚያ አልወጣም። ሦስተኛ፣ በቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር ክቡ ወረቀት ላይ ካለው ካታሎግ ቁጥር ጋር ይዛመዳል ወይ? የአምሃ ቁጥሮች ውስጥ የላቲኑ «ኤ ኢ»፣ የካይፋ ውስጥ «ኬ ኤፍ» አለ። ጎበዝ ፎርጅድ ሠሪ ይህንን ቁጥር ራሱ በእጁ ሊጭረው ይችላል። ለዚህ ነው ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መዝገብና መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ከተቀመጡ የታወቁ ኦሪጅናሎች ፎቶ ጋር የእጅ ጽሑፉን ማመሳከር የሚያስፈልገው፦ የ4 አናት ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ የ1 እግር አግድም መስመር አለው ወይስ የለውም። ቁጥርን ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ የሌላ ሰው እጅ ግን በቀላሉ አይመጣም።

ቀጥሎ ጆሮ። ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር 1.33 ሰከንድ ይፈጃል፤ ኤልፒ በ33⅓ ሲዞር 1.8 ሰከንድ። አንድ ጭረት ቦዩን አቋርጦ ካለፈ በየዙሩ አንዴ «ጭቅ» ይላል። አሁን ከተለያዩ ባለ 45ዎች ተሰብስቦ በኤልፒ የታተመ ሸክላ አጫውቱ። በስልኩ የሰዓት ቆጣሪ 10 ጭቅታ ለኩ። 18 ሰከንድ ከፈጀ ጭረቱ በእጃችሁ ባለው ሸክላ ላይ ነው፣ ፈልጋችሁ በዓይን ታገኙታላችሁ። 13 ሰከንድ ከምናምን ከፈጀ ግን ጭረቱ እናንተ ጋ የለም፤ ፋይሉ የተቀዳበት ባለ 45 ሸክላ ላይ ነው ያለው። ኤልፒው አዲስ፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ሆኖ በሌላ ሸክላ ፍጥነት ይንጫጫል።

ይህ ብቻውን ፎርጅድ ነው አያሰኝም። ዋናው (ማስተር) ክራቸው የጠፋባቸው ቅጂዎች አሉና ሕጋዊ አሳታሚም አንዳንዴ ከሸክላ ለመቅዳት ይገደዳል። ልዩነቱ በሁለት ነገር ይታያል። ሕጋዊው አብዛኛውን ጊዜ ከሸክላ መቀዳቱን በሽፋኑ ላይ ይጽፋል፤ በተጨማሪም ሦስት አራት ቅጂ አወዳድሮ፣ አጥቦ፣ ጭቅታውን አንድ በአንድ አጽድቶ ነው የሚያሳትመው። ፎርጅድ ሠሪ ወይ ምንም አያጸዳም፣ ወይም የኮምፒውተሩን ማጽጃ እስከ ጥግ ከፍቶ ያልፈዋል። ያኔ ጭቅታው ይጠፋል፣ ግን ጸናጽሉ እንደ ውሃ ይሆናል፣ የማሲንቆው ሻካራነትም አብሮ ይታጠባል።

ፍጥነትንም አትርሱ። ከካሴት የተቀዳ ፋይል ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ ይዛነፋል። ዘፈኑ 6 በመቶ ከፈጠነ ቅኝቱ በግማሽ ድምፅ ገደማ ይወጣል፤ 4 ደቂቃ የነበረው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ይሆናል። ከሕጋዊው ዲጂታል ቅጂ ጋር ርዝመቱን ማነጻጸር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ግን የራሳችሁ ማጫወቻ በትክክል መዞሩን አረጋግጡ፤ ቀበቶው የላላ ማጫወቻ ሁሉንም ሸክላ ፎርጅድ ያስመስላል።

የእኛ አንባቢ ከፈረንጁ ሰብሳቢ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፤ ፊደሉ። አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ያዙና ክቡ ወረቀት ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ተመልከቱ። በድሮው ህትመት ፊደሉ በአንድ ቀለም፣ ሙሉ ሆኖ የታተመ ነው፤ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ክፍት፣ የ«ጠ» እግሮች ጠርዛቸው የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ። ከስካን በታተመው ፊደሉ ራሱ ከሰማያዊ፣ ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር ነጠብጣብ ተሠርቶ ይታያል፣ ጠርዙም ይሟሟል። ጥቃቅኗ የ«ሯ» ወይም የ«ቷ» ጭራ ጠፍታ «ራ» ወይም «ታ» ሆና ታገኟታላችሁ። ስካኑ ሲደበዝዝባቸው እንደገና የሚጽፉም አሉ። ያኔ ደግሞ ሁለት ዓይነት ስህተት ይመጣል። ፊደሉን የማያውቅ ሰው በዓይኑ እየገለበጠ «ሰ»ን «ስ»፣ «የ»ን «ዩ» ያደርጋል። ወይም የኮምፒውተር ፊደል ይጠቀማል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀናው ኒያላ ነው፣ ለዓመታት በዊንዶውስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣ ስለነበረ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ የቀረበው በ2007 መጀመሪያ ነው። በኒያላ የተጻፈ የ1974 ሸክላ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ሚዛንም ይረዳል። ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ የ1970ዎቹ ኤልፒ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 140 ግራም ይመዝናል። 180 ግራም ከመጣ የዘመናችን ከባድ ህትመት ነው። ባርኮድ ያለበት ሽፋንም ከዚያ ዘመን አይደለም። በጥቁር መብራት ወረቀቱ ሰማያዊ ካበራ አዲስ ነው የሚለው ምክር ግን እዚህ አይሠራም። ወረቀትን የሚያነጣው ኬሚካል ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ስለነበረ የ1971 ሽፋንም ሊያበራ ይችላል። በዚህ ምርመራ ብቻ ትክክለኛ ሸክላ ፎርጅድ ተብሎ ሲመለስ ያሳዝናል።

«ውስን ህትመት» የሚለው ቃል ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው። ፎርጅድ ባይሆንም ከፎርጅድ ባልተናነሰ ሰው ያሞኛል። 500 ቅጂ ሲባል ፋብሪካው በትክክል 500 ያስረክባል ማለት አይደለም፤ የተለመደው ውል እስከ 10 በመቶ መብለጥን ወይም ማነስን ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ከ450 እስከ 550 ነው። ሽፋኑ ላይ በእጅ የሚጻፈው «127/500» የሽፋኑ ቁጥር እንጂ የሸክላው አይደለም፤ ማተሚያው አይቆጥርም። 100 ቀይ፣ 200 ሰማያዊ፣ 200 ጥቁር አሳትሞ ሦስቱንም «ውስን» ማለትም የተለመደ ነው፤ ሦስቱም የሚወጡት ግን ከአንድ ስታምፐር ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አባቱና እናቱ የት ናቸው? ብረቱ ፋብሪካው መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ ነገ ሌላ 500 ይታተማል፣ የዛሬው ብርቅዬም ዋጋው ይወርዳል። ከ2008 ጀምሮ በየሚያዝያው በሚከበረው የሪከርድ ስቶር ቀን ጠዋት ተሰልፎ ገዝቶ ከሰዓት በእጥፍ የሚለጥፍ ነጋዴም የሚጫወተው በዚሁ ነው፤ እንደገና ሳይታተም ይቀራል በሚል ግምት። ለመስማት የሚገዛ ሰው ስድስት ወር ቢታገሥ አይጎዳም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር እንበል፤ ጥቁር ሸክላ ጥቁር የሆነው በካርበን ዱቄት ነው። ጥሩ ፋብሪካ ውስጥ ባለ አንድ ቀለሙ ከጥቁሩ እምብዛም አይለይም። ባለ ፎቶው ሸክላ ግን ሥዕሉ ላይ በተደረበ ስስ ፕላስቲክ ላይ ስለሚታተም ይሾካሾካል፤ በጨለማ የሚያበራውም እንዲሁ። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካልሆነ በስተቀር ገንዘቡ አያዋጣም።

በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ ያለ ሙዚቀኛ ወይም ባንድ የራሱን ውስን ህትመት ማውጣት ቢፈልግ፣ በብዙ ፋብሪካዎች ዝቅተኛው ትእዛዝ ከ100 እስከ 300 ነው። የመቁረጡ፣ የመለበጡና የናሙናው ወጪ 100ም ታተመ 1,000 ስለማይለወጥ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል። ከ50 በታች ከሆነ እያንዳንዱን ሸክላ ለብቻው የሚቆርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ብረት የለም፣ ማተሚያ የለም፣ ፕላስቲኩ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ቶሎም ያረጃል፤ ለሠርግ ስጦታ ይሆናል፣ ለሱቅ አይሆንም።

ፋይሉን ስታዘጋጁ ለኢንተርኔት የተሠራውን ማስተር አትላኩ። እስከ ጣሪያ የተጨመቀ ድምፅ ሸክላ ላይ ሲቆረጥ ይጮሃል እንጂ አይጎላም። ባለ 24 ቢት ዌቭ፣ ለአንድ ገጽ አንድ ፋይል፣ ከ150 ኸርዝ በታች ያለው ቤዝ ወደ መሃል ተሰብስቦ፤ በግራና በቀኝ የተበተነ ቤዝ መርፌውን ያዘልለዋል። በ33⅓ ለአንድ ገጽ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ጥሩ ነው፤ 25 ካለፈ ቦዮቹ ስለሚጠጋጉ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሹክሹክታው ጎልቶ ይሰማል። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተልም የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኤልፒው ጠርዝ ላይ መርፌው በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ቦይ ያነባል፤ መሃሉ አጠገብ ሲደርስ 21 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ «ሰ»ና «ሸ»፣ «ጸ»ና «ጨ» ወደ ፉጨት ይለወጣሉ። አማርኛ ደግሞ ከእነዚህ ብዙ አለው። ስለዚህ ብዙ ቃል፣ ብዙ ጸናጽል ያለበትን ሞቅ ያለ ዘፈን መጀመሪያ አድርጉት፣ ክራር ብቻውን ያለበትን ትዝታ ለገጹ መጨረሻ አስቀሩት።

ከዚያ ከ5 እስከ 10 ናሙና ይመጣል፣ ነጭ ወረቀት ያለው። ብዙዎች በደስታ አንዱን ሰምተው «ይታተም» ይላሉ፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቢያንስ ሦስቱን፣ በሁለት የተለያዩ ማጫወቻዎች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መስማት ያስፈልጋል። ጉድለት የሰማችሁበትን ገጽና ደቂቃ ጻፉ። በሦስቱም ላይ በአንድ ሰከንድ ከመጣ ችግሩ ላከሩ ወይም ብረቱ ላይ ነው፣ እንደገና ይሠራ በሉ። በአንዱ ብቻ ከመጣ ችግሩ የዚያ ሸክላ ነው። እንደ ጨርቅ መቀደድ የሚመስል ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ድምፅ ማጉያ ብቻ፣ ፕላስቲኩ ቦዩን ሙሉ በሙሉ አልሞላም ማለት ነው፤ ሙቀቱ አንሷል ወይም ቶሎ ተነሥቷል። ሸክላው ሲዞር የማጫወቻው ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ከመሃል ወጥቷል፤ ይህ በዋሽንት ወይም በፒያኖ ረጅም ድምፅ ላይ እንደ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ከሄደ ሸክላው ተጣሟል፤ ሳይቀዘቅዝ ታሽጓል ማለት ነው። ክቡ ወረቀት ላይ አረፋ ካለ ደግሞ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት በምድጃ አልደረቀም፣ እርጥበቱ በእንፋሎት ወጥቷል።

ስለ መብት በአጭሩ። በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅና የከዋኝ መብት 50 ዓመት፣ የደራሲው ግን በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ ሌላ 50 ዓመት ይጠበቃል። «50 ዓመት አልፎታል፣ ነፃ ነው» የሚል አሳታሚ የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። የግጥሙና የዜማው ባለቤት በሕይወት ካለ፣ ወይም ወራሾቹ ካሉ፣ ፈቃዱ ከእነሱ ይጠየቃል። በውጭ ያለው ቀዳዳ ሰፊ የሆነው ኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የበርን ስምምነት (የደራሲን መብት በአገሮች መካከል የሚያስከብረው ዓለም አቀፍ ውል) አባል ሳትሆን በመቆየቷ ነው፤ ፎርጅድ ሠሪዎችም ይህንን ያውቃሉ። ዲስኮግስ ያልተፈቀዱ ህትመቶችን መዝግቦ ያስቀምጣል፣ በገበያው ላይ እንዲሸጡ ግን አይፈቅድም። አንድ ሸክላ እዚያ ገጽ ኖሮት የመሸጫው ቁልፍ ከተዘጋ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ሻጩ «በውስጥ መስመር እንነጋገር» ካለም ሊሆን የሚችለው ግልጽ ነው።

ሕጋዊ አማራጭ ያለውን ሸክላ መጀመሪያ ፈልጉ። ከላይ ያነሣነው የ1977ቱ የዋልያስ ኤልፒ በ2014 ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለ አሳታሚ፣ በኃይሉ መርጊያ ፈቃድ እንደገና ታትሟል። ለጆሮ ያንን መግዛት ይበቃል፣ ገንዘቡም ለባለቤቱ ይደርሳል። ኦሪጅናሉን ካልያዝኩ የሚል ሰው ለሻጩ ይህን ይላክ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከመግዛቴ በፊት የሁለቱም ገጽ ባዶ ቀለበት በጎን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ የተነሣ ፎቶ ቢልኩልኝ። የክቡ ወረቀት ጽሑፍ ከቅርብ የተነሣም እፈልጋለሁ። ሸክላው በግራም ስንት ይመዝናል? ከሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ዘፈን 30 ሰከንድ ያህል በስልክ ቀድተው ቢያሰሙኝ ደስ ይለኛል።»

እውነተኛ ሸክላ ያለው ሻጭ ይህንን በአሥር ደቂቃ ይልካል፤ እንዲያውም ፎቶውን ሲያነሣ ስለ ሸክላው ሌላ የማታውቁትን ይጨምርላችኋል። «ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ሸክላውን ለዚያ ገዢ ተዉለት።